የሰሜን እምቢታና የውስጥ ተቃዋሚዎቹ

የሰሜን ተራሮች ግዛት ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የሁለት ወገን ፍልሚያ ተደርጎ ነው፤ ባንድ በኩል ማዕከላዊው መንግሥት፣ በሌላው በኩል አልገብርም ያለው ደጋ። ዐፄ ሠርፀ ድንግልና ዐፄ ሱስንዮስ የቤተ እስራኤልን መሪዎች ለማስገበር ወደ ሰሜን አምባዎች መዝመታቸው በዚህ መልክ ተጽፏል። ደጃዝማች ካሳ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ የሰሜኑን ገዥ ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥቶ ቴዎድሮስ ተብሎ መንገሡም እንደዚሁ ነው። በዚህ አተራረክ ውስጥ አንድ ወገን ሁልጊዜ ይጠፋል፤ እሱም ባፈነገጠው ግዛት ውስጥ ሆኖ ያንኑ ያፈነገጠውን ገዥ የተቃወመው ነው። ይህ ወገን ካልታየ የሰሜን ውድቀት አይገባንም ብዬ አምናለሁ። ውቤ ከደብረ ታቦር መሳፍንት ለራሱ የጠየቀውን በራስ የመተዳደር መብት በሥሩ ላሉት ነፈጋቸው፤ ግዛቱን ከውጭ ጠላት ይልቅ ያዳከመውም ይኸው ነው።

የውቤ ኃይል መሠረቱ ሥፍራው ነበር። ከጎንደር ተነሥቶ ወገራን አቋርጦ በዳባትና በደባርቅ በኩል ወደ ሊማሊሞ የሚወርደው መንገድ ጎንደርን ከትግራይና ከምፅዋ ጋር ያገናኛል። ይህን ደጋ የያዘ ሰው በሩን ይዟል። ውቤ አባቱ ደጃዝማች ኃይለ ማርያም ገብሬ ከሞተ በኋላ ሰሜንን ያዘ። በየካቲት 1823 ዓ.ም. የትግራዩ ደጃዝማች ሱባጋዲስ ወልዱና የየጁው ራስ ማርዬ ደብረ ዐባይ ላይ ሲጋጠሙ ከማርዬ ጎን ቆመ። ማርዬ በጦርነቱ ወደቀ፣ ሱባጋዲስም ተማርኮ ተገደለ፤ ትግራይ ለውቤ ቀረችለት። ከዚያ በኋላ ለሃያ አራት ዓመታት የባሕሩን መንገድ ስለያዘ ከሌሎቹ መሳፍንት በተሻለ ጠመንጃ ማግኘት ቻለ፤ ከአውሮጳ ከመጡ መልእክተኞችና ሊቃውንት ጋርም ተወዳጀ። ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ቪልሄልም ሺምፐር በሥሩ ሹመት አግኝቶ ኖሯል፤ በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሥራም እጁ አለበት። በስም የጎንደር ንጉሥና የደብረ ታቦሩ ራስ አሊ የበላይ ቢባሉም በተግባር ውቤ የራሱን መንግሥት ያቆመ ሰው ነበር።

በዚህ መንግሥት ውስጥ ግን ሦስት ዓይነት ተቃውሞ ነበር። የመጀመሪያው ከገዛ ቤቱ ነው፤ ግማሽ ወንድሙ ደጃዝማች መርሶ የሥልጣን ተቀናቃኙ ነበር። ሁለተኛው የትግራይ ባላባቶች ተቃውሞ ነው። የአጋሜው የሱባጋዲስ ቤትና የእንደርታው ባልገዳ አርአያ የውቤን የበላይነት እንደ ባዕድ አገዛዝ ነበር የሚያዩት። ውቤ ከሱባጋዲስ ቤት ጋር በጋብቻ ቢተሳሰርም በሱባጋዲስ ደም የመጣ ሥልጣን በሠርግ አልታጠበም። በየካቲት 1834 ዓ.ም. ውቤ ከጎጃሙ ብሩ ጎሹ ጋር ሆኖ ራስ አሊን ደብረ ታቦር ላይ አሸነፈ፤ ድሉን ሲያከብር ግን የአሊ ሰው ብሩ አሊጋዝ ደርሶ ማረከው። የእሱ መማረክ እንደተሰማ ባልገዳ አርአያ በትግራይ ተነሣ። በክንዱ ብቻ የሚገዛ ሰው እጁ በታሰረበት ቀን ግዛቱን ያጣል፤ ውቤም ከተፈታ በኋላ ትግራይን እንደ አዲስ በጦር ማስገበር ነበረበት።

ሦስተኛው ተቃውሞ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከሁሉ የከፋውም እሱ ሆነ። ጳጳስ ከእስክንድርያ ለማስመጣት ገንዘቡን አውጥቶ መልእክተኛ የላከው ውቤ ነው። የካቶሊኩ ሚሲዮናዊ ጁስቲኖ ዴ ያቆቢስም ከመልእክተኞቹ ጋር ወደ ካይሮ ወርደዋል። አቡነ ሰላማ በ1834 ዓ.ም. ሲገቡ ውቤ ከማንም መስፍን የማያንስ ክብር አገኘ፤ ጳጳስ ያለው ሰው ንጉሥ መቀባት ይችላልና። ዳሩ ግን ውቤ ጳጳሱንም ካቶሊኮቹንም በአንድ ጊዜ ይዞ ለመቆየት ፈለገ። ከአንዱ መንፈሳዊ ሥልጣንን፣ ከሌላው የፈረንሳይን ወዳጅነት ጠበቀ። አቡነ ሰላማ የካቶሊኮቹን ስብከት በገዛ መንበራቸው ላይ የተቃጣ አድርገው አዩት። ካሳ ኃይሉ ካቶሊኮቹን እንደሚያስወጣ ቃል ሲገባላቸው ከእሱ ጋር ቆሙ። ውቤ ራሱ ሊነግሥበት ባሠራው በደረስጌ ማርያም፣ በራሱ ወጪ በመጡት ጳጳስ እጅ ዘውዱ በካሳ ራስ ላይ ተደፋ። ይህ የዕድል መጣመም አይደለም። ውቤ ጳጳሱን የራሱ ሀብት አድርጎ ቆጥሮ ነበር፤ እሳቸው ግን የራሳቸው ዓላማ ያላቸው የፖለቲካ ኃይል ነበሩ።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። ይህ ሁሉ የመሳፍንት የሥልጣን ሽሚያ እንጂ የፖለቲካ ንቅናቄ አይደለም የሚል ነው። የፓርቲ ፕሮግራምና የምርጫ ሳጥን ለፈለገ ሰው እውነት ነው፤ በዘመነ መሳፍንት እነዚህ አልነበሩም። ጥያቄዎቹ ግን የፖለቲካ ጥያቄዎች ናቸው። በአጋሜና በእንደርታ ማን ይሾም፣ የአገሬው ተወላጅ ወይስ ከሰሜን የተላከ? የሠራዊቱን ቀለብ የሚሸከመው የትኛው ገባር ነው? ሃይማኖትን የሚወስነው መስፍኑ ነው ወይስ ጳጳሱ? ዛሬም ስለ ክልልና ስለ ማዕከል ስንከራከር የምናነሣው ሹመትን፣ ግብርንና እምነትን ነው። የተቃውሞው መንገድ ሽፍትነት የሆነውም ሌላ መንገድ ስላልተከፈተ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። ውቤ ከወደቀ በኋላ ዘመዱ አገው ንጉሤ ወልደ ሚካኤል በስሙ የሚሰለፍ ሰው አግኝቶ ሰሜንንና ትግራይን ለአምስት ዓመታት ያህል ይዟል። የሰሜን ቤት በውስጥ የተጠላ ቢሆን ኖሮ ይህ እንዴት ይሆናል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ያለው ግን በንጉሤ አወዳደቅ ላይ ነው። ንጉሤ ሰው መሰብሰብ ችሏል፤ የሰበሰበውን ማጽናት ግን አልቻለም። የውስጥ ደጋፊዎቹን በማስፋት ፈንታ ዓይኑን ወደ ባሕር ማዶ ጣለ። በዴ ያቆቢስ በኩል ከናፖሊዮን ሦስተኛ ጋር ተጻጻፈ፣ የዙላን ወደብም ለፈረንሳይ አቀረበ። ኮምት ሩሴል የተባለው የፈረንሳይ መልእክተኛ መጣ፤ ነገር ግን የሚጠበቀው ጦር አብሮት አልነበረም። በጥር 1853 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ ትግራይ ሲዘልቅ ንጉሤን ለሚተዉ ሁሉ ምሕረት አወጀ። ሠራዊቱ ከውጊያ በፊት ተበተነ፤ ንጉሤና ወንድሙ ተሰማ ተይዘው ተገደሉ። ጥይት ሳይተኮስ በአዋጅ የሚበተን ሠራዊት መሪውን የተከተለው በታማኝነት ሳይሆን ለጊዜያዊ መጠለያ መሆኑን ያሳያል።

ይህ ክርክር ለማዕከል ጠበቃ የቆመ የሚመስለው አንባቢ ይኖራል። እንደዚያ እንዳይወሰድ ደባርቅን ማስታወስ ይበቃል። የንጉሤ ወገን የሆነው ጋረድ የእንግሊዙን ቆንስል ዋልተር ፕላውደንን በ1852 ዓ.ም. አቆሰለው፤ ፕላውደንም በቁስሉ ጎንደር ሞተ። ከዚያ በኋላ ቴዎድሮስ ጋረድን ደባርቅ አካባቢ ገጠመው፤ የንጉሡ የቅርብ ሰው ጆን ቤልም እዚያው ወደቀ። ከድሉ በኋላ የጋረድ ምርኮኞች በብዛት ተፈጁ። ቴዎድሮስ ትግራይ ላይ በምሕረት ያገኘውን በሌላ ሥፍራ በጭካኔ አፈሰሰው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲወድቅ ወልቃይትን ጤሶ ጎበዜ አውኮበት፣ ላስታን ዋግሹም ጎበዜ፣ ሸዋን ምኒልክ፣ ትግራይን ካሳ ምርጫ ይዘውበት ነበር። ሕጉ ለሁለቱም ወገን አንድ ነው፤ እምቢ ባዮቹን በኃይል ብቻ የያዘ ማዕከልም እንደ እምቢ ባዩ ክልል ይፈርሳል።

ነገሩ የሰሜን ብቻ እንዳልሆነ በካውካሰስ ያለችው አብካዚያ ትመሰክራለች። እ.ኤ.አ. በ1992–93 ጦርነት ከጆርጂያ የተገነጠለችው ይህች ግዛት ከውጭ ስትታይ አንድ ድምፅ ያላት ትመስላለች። በውስጧ ግን ጠንካራ ተቃዋሚ አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 በሞስኮ የተደገፈው እጩ ራውል ኻጂምባ በሰርጌይ ባጋፕሽ ተሸነፈ፤ ውጤቱም ለወራት አወዛገበ። እ.ኤ.አ. በ2014 አሌክሳንደር አንክቫብ፣ በ2020 ኻጂምባ ራሱ፣ በ2024 አስላን ብዣኒያ በአደባባይ ተቃውሞ ከፕሬዚዳንትነት ለቀቁ። ለሩሲያ ጥገኛ የሆነች ግዛት ውስጥ እንኳ ሕዝቡ ከሩሲያ ጋር የሚደረግን የመዋዕለ ንዋይ ውል ተቃውሞ ምክር ቤቱን ጥሶ ገብቷል። በሌላ በኩል በጦርነቱ ከ200,000 በላይ ጆርጂያውያን ከቤታቸው ስለተፈናቀሉ በዚህ ክርክር ውስጥ ድምፅ የላቸውም። ስለ ነፃነት የሚናገር ክልል ሊመረመር የሚገባው በዚህ ነው፤ በድንበሩ ውስጥ ከሚኖሩት መካከል እነማንን እንደሚሰማና እነማንን ከቁጥር እንደሚያወጣ።

ስለዚህ የሰሜንን ታሪክ ለልጆቻችን ስናስተምር ከደረስጌ ድል አድራጊና ተሸናፊ ባሻገር መሄድ አለብን። ውቤ ስለተሸነፈ ጥያቄው ሐሰት አልሆነም፤ ቴዎድሮስ ስላሸነፈም አንድነቱ አልጸናም። ሁለቱም ለራሳቸው የፈለጉትን ለሌላው ከልክለዋል። ዛሬ በማዕከል ወይም በክልል ስም የሚከራከሩ ሁሉ መጀመሪያ ሊመልሱት የሚገባ ጥያቄ አላቸው፤ እኔ በምገዛው አገር ውስጥ እኔን የሚቃወም ሰው ጫካ ሳይገባ፣ የባዕድ ደጅ ሳይጠና ሐሳቡን የሚያሰማበት ቦታ የት ነው? ለዚህ መልስ የሌለው ወገን ዛሬ ጦሩ ቢበረታም የውቤንና የንጉሤን መንገድ እየሄደ ነው።