የተከታይ ብዛትና የደንበኛ ጽናት፦ የአነስተኛ ነጋዴ የማኅበራዊ ሚዲያ ገበያ በምን ይሻሻላል?

፩. መነሻ

በአዲስ አበባ ልብስ፣ ጫማ፣ የቤት ዕቃ ወይም ያገለገለ ስልክ የሚሸጥ አነስተኛ ነጋዴ የሸቀጡን ፎቶግራፍ በቴሌግራም ቻናሉ ላይ አውጥቶ ከሥሩ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ብሎ መጻፉ እጅግ ከመለመዱ የተነሣ፣ ዛሬ ማንም ምክንያቱን የሚጠይቅ አይመስልም። ለነጋዴው ምክር የሚሰጡትም ሰዎች ነገሩን እንደ ጥቃቅን ጉድለት አልፈውት፣ ተከታይ አብዛ፣ በየቀኑ ለጥፍ፣ ገንዘብ ካለህም ቡስት አስደርግ ወደሚለው የተለመደ ተግሣጽ ይቸኩላሉ። የዚህ መጣጥፍ ሐሳብ ከዚህ ይለያል፤ ይኸውም፣ የአነስተኛ ነጋዴን የማኅበራዊ ሚዲያ ገበያ የሚያሻሽለው ከተከታይ ብዛት ይልቅ የደንበኛ ጽናት መሆኑን፣ የዚህም ጽናት የመጀመሪያው ዕንቅፋት ያ ችላ የተባለው የተሰወረ ዋጋ መሆኑን ማስረዳት ነው። ለዚህ ነገር ምስክር አድርገን የምንጠራው፣ የገበያ ትምህርት መጻሕፍት እምብዛም የማያነሡትን የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ክሊፎርድ ጊርትስን ሲሆን፣ የምንሟገተው ደግሞ በዘመናችን የገበያ ሊቃውንት ዘንድ ከፍ ያለ ተሰሚነት ያገኘውን ባይረን ሻርፕን ነው። የውጭ አገር ድርሳናትን ዓመታት በአውሮፓውያን፣ የአገራችንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንጽፋለን።

ስለ ገበያ ጥናት ጠቅላላ ታሪክ ብዙ ማተት አያስፈልገንም። ጀሮም ማካርቲ በ1960 ሸቀጥን፣ ዋጋን፣ ሥፍራንና ማስተዋወቅን በአንድ ሥርዓት ማስቀመጡ፣ ፊሊፕ ኮትለር ከ1967 ጀምሮ ይህንኑ ማስፋፋቱ፣ ጆርጅ አከርሎፍም በ1970 ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ሳያውቅ ሲቀር ክፉው ሸቀጥ ደኅናውን ከገበያ እንደሚያስወጣው ማሳየቱ፣ ሁሉም የታወቀና እኛም ያለ ክርክር የምንቀበለው ነው።

፪. የሻርፕ ትምህርትና ድንበሩ

የአውስትራልያው የኤሬንበርግ-ባስ ተቋም ሊቅ የሆነው ባይረን ሻርፕ፣ በ2010 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ያሳተመውና የንግድ ስሞች እንዴት እንደሚያድጉ የሚመረምረው መጽሐፍ፣ ሦስት ዐበይት ነገሮችን ያስተምራል። አንደኛው፣ የአንድ የንግድ ስም ዕድገት በዋናነት የሚመጣው ነባሩን ገዢ ይበልጥ በማጽናት ሳይሆን አዲስ ገዢ፣ ይልቁንም በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚገዛውን ገዢ፣ በማብዛት ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ዊልያም ማክፊ በ1963 የገለጠውና ኋላ አንድሩ ኤሬንበርግ በተደጋጋሚ ግዢ ጥናቱ ያጸናው፣ «ድርብ ጉዳት» ተብሎ የሚጠራው ሕግ ነው፤ ትርጓሜውም፣ ትንሹ የንግድ ስም በገዢ ቁጥር ማነሱ ሳያንሰው፣ ያሉት ገዢዎችም በታማኝነት ከትልቁ ገዢዎች ጥቂት ያንሳሉ ማለት ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ ሦስተኛው ይወለዳል፤ ነጋዴ ሁሉ ለሁሉ ሰው ይናገር፣ በሰው አሳብ ቶሎ የሚመጣና በቀላሉ የሚገኝ ይሁን እንጂ፣ ለጥቂቶች ፍቅር አይድከም የሚለው ነው።

ትምህርቱ በራሱ ሥፍራ ብርቱ ነው። ሥፍራው ግን የት እንደሆነ ማስረጃዎቹ ራሳቸው ይናገራሉ፤ የተሰበሰቡት በአመዛኙ ከለስላሳ መጠጥ፣ ከጥርስ ሳሙና፣ ከፀጉር መታጠቢያና እነዚህን ከመሳሰሉ፣ በፋብሪካ ታሽገው በትልልቅ መደብሮች ከሚሸጡ ሸቀጦች ነው። ሻርፕ ራሱ እንደሚያሳየው፣ ከኮካ ኮላ ገዢዎች ብዙዎቹ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ የሚገዙ ናቸው፤ ዳሩ ግን ይህ ሊሆን የሚችለው አንዱ ጠርሙስ ከሌላው ጠርሙስ አንዳች የማይለይ፣ ዋጋውም ተጽፎ ያለ፣ ገዢውም ሻጩን አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቅ ከፍሎ የሚሄድ ስለሆነ ነው። እንዲህ ባለ ገበያ መታወስ ብቻውን መሸጥ ነው። ከሽሮ ሜዳ የሀበሻ ቀሚስ በሚያዝ ሰው ዘንድ ግን መታወስ የነገሩ መግቢያ እንጂ ፍጻሜው አይደለም፤ ፈትሉ የእጅ ነው ወይስ የፋብሪካ? ጥበቡ ምን ያህል ይሰፋል? ቀለሙስ ሲታጠብ ይለቃል? የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ ገና ከፊቱ ናቸውና።

ከዚህም በላይ የሻርፕ የራሱ ስሌት በእርሱ ላይ ይመሰክርበታል። በመጽሐፉ እንደሚገልጸው፣ ከአንድ የንግድ ስም ሽያጭ ከግማሽ ጥቂት የሚበልጠው ከገዢዎቹ አንድ አምስተኛ ከሚሆኑት ይገኛል። እርሱ ይህን የሚያነሣው፣ ሽያጩ ሰዎች እንደሚገምቱት በጥቂቶች እጅ ብቻ ያልተከማቸ መሆኑን ለማሳየት ነው፤ እኛ ግን ይህንኑ ቃል በነጋዴው በኩል ሆነን ስናነበው፣ አምስት ሰዎች ቢገዙ አንደኛው ብቻውን የሌሎቹን የአራቱን ያህል፣ እንዲያውም ከዚያ አልፎ፣ የሚያመጣ መሆኑን እናያለን። የማስታወቂያ ገንዘብ ለሞላው ድርጅት ያን አንዱን ትቶ አራቱን ማሳደድ ያዋጣው ይሆናል፤ ጠዋት ሱቅ ከፍቶ፣ ቀን ሸቀጥ አመላልሶ፣ ማታ በስልኩ መልእክት ለሚመልስ ነጋዴ ግን ያ አንዱ ሰው የወር ኪራይ ማለት ነው። ሻርፕ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከጄኒ ሮማኒዩክ ጋር ባዘጋጀው ሁለተኛ ክፍል ትምህርቱን ወደ ታዳጊ ገበያዎችና ወደ አገልግሎት ሥራዎች ለማስፋት ሞክሯል፤ ይሁን እንጂ እዚያም የሚለካው የንግድ ስም ያለው ነገር ስለሆነ፣ ስሙ ሰውዬው ራሱ ለሆነለት ነጋዴ መልስ አልሰጠም።

፫. የተረሳው ምስክር

ክሊፎርድ ጊርትስ በ1960ዎቹ ከፌዝ ከተማ በስተ ደቡብ በምትገኘው በሞሮኮዪቱ ሰፍሩ ገበያ ያደረገውን ጥናት፣ በ1978 በአሜሪካ የኢኮኖሚ መጽሔት በአምስት ገጽ አጠቃልሎ፣ በ1979ም በኬምብሪጅ በታተመ መጽሐፍ አስፍቶ አቅርቦታል። በእርሱ አመለካከት የገበያውን ጠባይ የሚወስነው የሸቀጥ ማነስ ሳይሆን የዕውቀት ማነስ ነው፤ ስለ ጥራት፣ ስለ ዋጋ፣ ስለ ሻጩም ሰው አስተማማኝ ዕውቀት ጥቂት፣ በእኩልነት ያልታደለና እጅግ የተፈለገ ነው። ሸማቹም ይህን ጨለማ የሚሻገርባቸው ሁለት መንገዶች አሉት፤ አንዱ የዋጋ ክርክር፣ ሁለተኛው ወደ አንድ ሻጭ እየተመላለሱ ደንበኝነትን መመሥረት ነው። ጊርትስ አጥብቆ እንደሚያስገነዝበው፣ ይህ ደንበኝነት የጌታና የሎሌ ግንኙነት አይደለም፤ ሁለቱ በዋጋ የሚከራከሩ እኩያዎች ሆነው ሳለ፣ ፍለጋቸውን ወደ ጥቂት ሰዎች በማጥበብ ድካማቸውን የሚያቃልሉበት ሥርዓት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለጉዳያችን የሚረባው፣ ጊርትስ ከኢኮኖሚ ሊቁ ከአልበርት ሪስ ወስዶ ያጸናው የፍለጋ ክፍፍል ነው። ሸቀጡ አንድ ዓይነት ሲሆን፣ እንደ አዲስ መኪና፣ ገዢ በስፋት ይፈልጋል፤ ከብዙ ሻጮች አንዲት ጥያቄ፣ ዋጋውን ብቻ፣ ይጠይቃል። ሸቀጡ እያንዳንዱ የተለያየ ሲሆን ግን፣ እንደ ያገለገለ መኪና፣ በጥልቀት ይፈልጋል፤ ከጥቂት ሻጮች ብዙ ጥያቄ ይጠይቃል። እንግዲህ የሻርፕ ሕግ የስፋት ፍለጋ ሕግ መሆኑ፣ የሽሮ ሜዳውና ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት የምን አለሽ ተራው ነጋዴ ገበያ ደግሞ የጥልቀት ፍለጋ መሆኑ በዚህ ይገለጣል፤ አንዱን በሌላው መለካትም የሚዛን ስሕተት ነው።

፬. እጅ ከሸቀጡ ሲለይ

«ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ልማድ አባቱ ማን እንደሆነ አሁን ለማየት እንችላለን፤ በመርካቶ ዋጋ የማይለጠፍበት፣ ክርክሩም እንደ ገዢው ሁኔታ የሚለዋወጥበት ጥንታዊ የገበያ ሥርዓት ነው። በዚያ ሥርዓት ግን ዋጋው ቢሰወርም ሸቀጡ የተገለጠ ነው፤ ገዢዋ ነጠላውን በጣቷ ትዳስሳለች፣ ወደ ብርሃን ታነሣለች፣ ጠርዙን ታገላብጣለች፣ የሻጩንም ፊት ታያለች። በስልክ መስኮት የሚደረገው ገበያ ይህን ሁሉ ነሥቶ ስውሩን ዋጋ ብቻ አስቀርቷል። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የተሰወረባት ገዢ ከመጠየቅ ይልቅ ማለፍን ትመርጣለች፤ ተከታዩ ብዙ፣ ገዢው ጥቂት የሚሆንበትም ዋና ምክንያት በእኛ አስተያየት ይህ ነው።

ከዚህ የተነሣ ነጋዴው ሊያደርገው የሚገባው ነገር ግልጥ ነው። ዋጋው ከነማድረሻ ሒሳቡ በአደባባይ ይጻፍ። እጅ ሊመልሳቸው ይችል የነበሩትን ጥያቄዎች ጽሑፉና ቪዲዮው ይመልሱ፤ ቀሚሱ በቀን ብርሃን፣ ፊቱም ጀርባውም ይታይ፤ የፈትሉ ዓይነት፣ ልኩ፣ ተሠርቶ የሚደርስበት ቀን ይነገር፤ ያገለገለ ዕቃ ከሆነ ጭረቱ ሳይደበቅ ይታይ። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ሆና ለልጇ ጥምቀት ወይም ለእኅቷ ሠርግ የምታዝ ኢትዮጵያዊት ቀሚሱን መጥታ ልትዳስሰው አትችልምና፣ ለእርሷ ይህ መግለጫ የገበያው ሁለንተና ነው። ከተሸጠም በኋላ የገዢው ስልክ ቁጥር፣ ልኩና የገዛው ነገር በደብተር ይመዝገብ፤ ዕቃው በደረሰ ጊዜም ልክ ሆነ ወይ ተብሎ ይጠየቅ። በወሩ መጨረሻ የሚቆጠረው የተከታይ ቁጥር ሳይሆን፣ ከወሩ ገዢዎች ስንቱ ቀድሞ የገዛ፣ ስንቱስ በቀድሞ ገዢ የተላከ ነው የሚለው ይሁን።

መድረኮቹም በዚሁ ሚዛን ይለያሉ። በ2015 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የቴሌግራም ቻናል ጽሑፉን ሳያበጥር ለአባላቱ ሁሉ ስለሚያደርስ ለጥልቀት የተመቸ ነው፤ ቲክቶክ ግን ተከታይ ላልሆነውም ሰው እንደ ዝንባሌው መርጦ የሚያሳይ ስለሆነ ለስፋት ይበጃል። ፌስቡክ በ2018 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የወዳጅና የቤተ ዘመድን ጽሑፍ ከድርጅቶች ጽሑፍ እንደሚያስቀድም ካሳወቀ ወዲህ፣ በገጹ ተከታይ ማብዛት ብቻውን ለመታየት ዋስትና አይደለም። እንዲሁም ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአገራችን ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በታገዱ ጊዜ፣ በቻናል ላይ የተከማቸ ተከታይ ሁሉ በአንድ ቀን ከባለቤቱ እጅ የሚወጣ ሀብት መሆኑ ታይቷል፤ የደንበኞቹን ስልክ ቁጥር በደብተር የያዘ ነጋዴ ግን መደወል ይችል ነበር። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር በመኖሩም ክፍያውን በዚያው ስልክ መፈጸም አላስቸገረም።

፭. ተቃውሞዎችና መደምደሚያ

ዋጋ ቢገለጥ ተወዳዳሪ አይቶ ይቀንሳል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተወዳዳሪው ግን ገዢ መስሎ በውስጥ መስመር ጠይቆ ዋጋውን ማወቅ ይችላልና፣ ስውሩ ዋጋ የተሰወረው ከገዢው ብቻ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ጀምሮ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል የሚልም ቢኖር፣ በዋጋው አጠገብ ቀን መጻፍና ሲለወጥ ማረም ይበቃል። ገና አንድ ደንበኛ የሌለው ጀማሪ ምን ያድርግ ለሚለውም፣ በቲክቶክ ይጥራ፣ በቴሌግራም ያጽና የሚል መልስ አለን።

ይህ ጥናት ሁሉንም የሸቀጥ ዓይነት አይመለከትም፤ የታሸገ ውሃና ሳሙና የሚያከፋፍል ነጋዴ ሻርፕን ቢሰማ አይጎዳም። ነገር ግን እያንዳንዱ ዕቃ በተለየበት፣ ጥራትም በዓይን ብቻ በማይታወቅበት ገበያ፣ ጊርትስ በሰፍሩ ያየው ሥርዓት ዛሬም የሚገዛ ነው። ስለዚህ ጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅቶችን የሚያሠለጥኑ መሥሪያ ቤቶች ለነጋዴው ተከታይ ማብዣ ዘዴ ከማስተማራቸው በፊት ዋጋውን በግልጥ እንዲጽፍ፣ የዕቃውን ጉድለት እንዲያሳይ፣ የደንበኛ መዝገብ እንዲይዝ ሊያስተምሩት ይገባል፤ የሥልጠናቸውንም ውጤት ዳግመኛ በተመለሰ ገዢ እንጂ በተከታይ ብዛት መመዘን የለባቸውም።