ስክሪን ሪደር ፎቶም ማንበብ አለበት?

የፈተና ፕሮግራም በቴሌግራም ተላከላችሁ እንበል። ከፍታችሁ ታነባላችሁ፤ አለቀ። ዓይነ ስውሩ የክፍል ጓደኛችሁ ያንኑ ሲከፍት ግን ስልኩ «ፎቶ» ብሎ ዝም ይላል። ወረቀቱ በካሜራ ተነስቶ ስለተላከ ለስልኩ የነጥብ ክምር እንጂ ፊደል አይደለም። ታዲያ በስክሪን ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነበው ስክሪን ሪደር፣ ከፎቶ ላይ ፊደል መልቀምም የእሱ ሥራ ነው ወይስ የሌላ ፕሮግራም?

እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካዊው ሬይ ከርዝዋይል የታተመ መጽሐፍ በድምፅ የሚያነብ ማሽን ይፋ አደረገ። ማሽኑ ገጹን ስካን ያደርጋል፣ ፊደሎቹን ይለያል፣ ከዚያ ይናገራል። ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎች አንዱ ሙዚቀኛው ስቲቪ ዋንደር ነበር። ልብ በሉ፦ እዚህ ላይ ፊደል መለየትና ማንበብ አብረው ነበሩ።

ማን ለያያቸው? ኮምፒውተሩ ራሱ። በዶስ ዘመን ስክሪን ላይ የሚታየው እያንዳንዱ ፊደል ሚሞሪ ውስጥ በቁጥር ይቀመጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 ዓይነ ስውሩ ቴድ ሄንተር የሠራው ጃውስ እነዚያን ቁጥሮች ወደ ድምፅ ይለውጥ ነበር። ታዲያ ፎቶ መመርመር ምን ያደርግለታል?

ከዚያ ዊንዶውስ መጣና ስክሪኑ በሙሉ ሥዕል ሆነ። መሐንዲሶቹም መላ ዘየዱ፦ አንድ ፕሮግራም «ይህን ቃል እዚህ ጻፍ» ብሎ ሲያዝ፣ ስክሪን ሪደሩ ትእዛዙን መንገድ ላይ ጠልፎ ይመዘግባል። ብልህ ዘዴ ነው፤ ስካን የተደረገ ወረቀት ላይ ግን አይሠራም። የሚጠለፍ ቃል የለማ! ስለዚህ ጃውስ እ.ኤ.አ. በ2011 ፊደል መለያውን፣ ማለትም ኦሲአርን፣ ጨመረ። በነፃ የሚገኘው ኤንቪዲኤም እ.ኤ.አ. በ2017 የዊንዶውስ 10ን ኦሲአር መጠቀም ጀመረ።

«ሌላ ፕሮግራም ይሥራው፣ ስክሪን ሪደሩን ለምን እናክብደው?» የሚሉ አሉ። ግን ድንገት ብቅ ያለ፣ በሥዕል የተሠራ የስህተት መልእክት በየትኛው ፋይል ተቀምጦ ወደ ሌላ ፕሮግራም ይወሰዳል? ደግሞስ የሐኪም ውጤቱን ጎረቤት እንዲያነብለት የሚፈልግ ማን ነው?

ለአማርኛ ጉዳዩ ይብሳል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ሶፍትዌሮች የተጻፉ ብዙ ፋይሎች ለዓይን አማርኛ ይመስላሉ፤ ውስጣቸው ያለው ግን የላቲን ፊደል ኮድ ነው። ስክሪን ሪደሩ ኮዱን ሲያነብ ትርጉም የለሽ ድምፅ ይወጣዋል። የሚታየውን የሚያነብ ኦሲአር ግን እዚህ ጋ ያድናል።

እሺ፣ ጉድለቱስ? ኦሲአር ይገምታል። «ሉ»ና «ሊ» የሚለያዩት ጭረቷ መሃል ወይም ታች በመሆኗ ብቻ ነው፤ በደበዘዘ ኮፒ ላይ መሳሳት ቀላል ነው። ቃሉ ቢሳሳት ከዓረፍተ ነገሩ ይታወቅ ይሆናል። የመድኃኒት መጠን ወይም የባንክ ሒሳብ ቁጥር ቢሳሳትስ?

ስለዚህ የእኔ መልስ፦ አዎ፣ ኦሲአር ስክሪን ሪደሩ ውስጥ ይኑር፤ ግን ዋናው በር ሲዘጋ የሚከፈት ሁለተኛ በር ሆኖ፣ «ይህ ግምት ነው» እያለ። ዋናውን በር የሚከፍተው ጽሑፉን የሚልከው ሰው ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ማስታወቂያ ፎቶ አንስታችሁ ግሩፕ ላይ ስትለጥፉ፣ ሥሩ ላይ ቃሉን ተይቡት። ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።