ስለ ቆንስል ስምና ሹመት

«ቆንስል የሚለው የባሕር ማዶ ቃል በቤተ ክርስቲያን መታሰቢያ ምን ሥራ አለው?» የሚል ቢኖር፥ መልሳችን በጎረቤታችን በጎሬ ቆንስል ተቀምጦ ነበርና ነው።

ቃሉ ከግዕዝ ግስ አይወጣም፤ የሮማውያን ነው። በጥንት ሮም በየዓመቱ የሚመረጡ ሁለት ታላላቅ ሹማምንት ቆንስል ይባሉ ነበር። በኋላ ዘመን በባዕድ ወደብ የሚነግዱ ሰዎች የሚዳኛቸውን አለቃ በዚሁ ስም ጠሩት፤ መንግሥታትም ሹመቱን ለራሳቸው አደረጉት። እንግዲህ ቆንስል የዜጋና የነጋዴ ጠባቂ ነው፤ የንጉሡን ቃል የሚናገረው አምባሳደር ነው። የእኛ ነጋድራስ ቀረጥ ይቀበል፥ ነጋዴም ይዳኝ ነበርና፥ ባይተካከሉም ይቀራረባሉ።

ይህን አለመለየት ዋጋ አስከፍሏል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ሲጽፉ ቆንስሉን ካሜሮንን እንደ ንግሥቲቱ አፍ ቈጠሩት። የሎንዶን አለቆቹ ግን በምጽዋ እንዲቀመጥ እንጂ በአገሪቱ ነገር እንዳይገባ አዘዙት። ደብዳቤው መልስ አጣ፤ ካሜሮን በታኅሣሥ 1856 ዓ.ም. ታሰረ፤ ነገሩም በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ተፈጸመ። በደሉን ሁሉ በአንድ ቃል ላይ አልጥልም፤ የንጉሡ ቍጣም የሎንዶን ቸልታም አለበት።

ወደ ኢሉባቦር ቆንስልን ያመጣው ቡናችን ነው። ዐፄ ምኒልክ በግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል፥ በኢታንግ አጠገብ ከባሮ ዳር ከ2,000 ሜትር፥ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ የንግድ ስፍራ ለእንግሊዝና ለሱዳን ፈቀዱ፤ ይህም ጋምቤላ ነው። ቡናው በአጋሰስ ወደዚያ ይወርድ ነበር፤ ክረምት ወንዙ ሲሞላ በመርከብ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። ስለዚህ የእንግሊዝ ቆንስል በጎሬ ተቀመጠ፤ ከንግዱም ሌላ የድንበሩንና የባሪያ ንግዱን ነገር ይከታተል ነበር።

በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከተሰደዱ በኋላ በጎሬ በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ የሚመራ መንግሥት ቆመ፤ ራስ እምሩም ወደዚያ መጡ። በዚያው ዓመት አንዳንድ የምዕራብ የኦሮሞ መኳንንት የእንግሊዝን ጥበቃ ሲለምኑ አቤቱታቸው የሄደው በጎሬው ቆንስል እጅ ነበር። እርሱ ወረቀቱን ከማስተላለፍ በቀር በመንግሥቱ ስም የሚሰጠው ቃል ኪዳን አልነበረውም፤ የለመኑትም ጥበቃ አልመጣም። በኅዳር 1929 ዓ.ም. ጣሊያኖች ጎሬ ገቡ።