ፊት የበቀለ ጆሮ፣ ኋላ የበቀለ ቀንድ

እ.ኤ.አ. በጥር 2004 የአሜሪካ ሜጀር ሊግ ሶከር ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን ሲመርጡ መጀመሪያ የተጠራው የ14 ዓመቱ ፍሬዲ አዱ ነበር። ጋና የተወለደው ይህ ታዳጊ ከፔሌ ጋር በለስላሳ መጠጥ ማስታወቂያ ላይ ሳይቀር ታየ፤ የአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን መጪ ኮከብም ተባለ። በዚያው ምርጫ 8ኛ የወጣው ክሊንት ዴምፕሲ ግን በፉርማን ዩኒቨርሲቲ ሲጫወት የቆየ፣ ብዙም ያልተወራለት የቴክሳስ ልጅ ነበር። አዱ ለብሔራዊ ቡድኑ 17 ጊዜ ተሰልፎ 2 ግብ ሲያስቆጥር፣ ዴምፕሲ 57 አስቆጥሮ ከላንደን ዶኖቫን ጋር የቡድኑን የግብ ክብረ ወሰን ተጋራ። ፊት የበቀለን ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው ማለት ይህ ነው።

«ዶኖቫንስ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ኮከብ ተብሎ ተመርጦ ትንቢቱን እውን አድርጓል። ይሁን እንጂ ከጀርመኑ ክለብ ሌቨርኩሰን በውሰት ወደ አሜሪካው ሳን ሆዜ ሄዶ በየሳምንቱ መሰለፍ ባይችል ኖሮ ያ ሽልማት ብቻውን የትም ባላደረሰው ነበር። ስለዚህ ስለ ታዳጊ የሚተነብይ ሰው ከልጁ ችሎታ እኩል የሚጫወትበትን ሜዳና የሚሰጠውን ደቂቃ ይመዝን። ተሰጥኦ ዘር ነው፤ አዝመራው የሚታወቀው ግን ከክረምቱ በኋላ ነው።