ብርብራና የወለጋ ወንዞች ትንንሽ ዓሦች

ከነቀምት ወደ በደሌ የሚወስደው መንገድ ደዴሳን በድልድይ ይሻገራል። ወንዙ ክረምት ላይ ደፍርሶ፣ ግንድ እየገፋ ይወርዳል። በጋ ሲገባ ይጎድላል። ከደጋው የሚወርዱት ትንንሽ ገባሮችማ ድንጋያቸው እስኪገለጥ ይደርቃሉ፤ የተረፈው ውሃ በየኩሬው ተቆራርጦ ይቀራል።

ሁለቱንም ወቅት ችለው ከሚያልፉ ዓሦች አንዱ ሳይንስ ጋራ ብሎ የሚጠራው ወገን ነው። ጋራ በዓባይ ተፋሰስ በሰፊው ይገኛል። ከአፉ በታች ባለው መጣበቂያ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ ጎርፉን ይቋቋማል፤ ከዚያው ድንጋይ ላይ አልጌ እየፋቀ ይመገባል። በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጎንደርንና ጣናን ያየው ጀርመናዊ ኤድዋርድ ሩፕል ከዚህ ወገን አንዱን ዝርያ ለሳይንስ አስተዋውቋል። አበበ ጌታሁንና ሜላኒ ስቲያስኒ ደግሞ በ2007 (እ.ኤ.አ.) ከኢትዮጵያ አምስት አዳዲስ የጋራ ዝርያዎችን ገለጹ።

የአገሬው ሰው ግን ዓሣን የሚያውቀው በመጽሐፍ ሳይሆን በብርብራ ነው።

ብርብራ በሌላ አገር የማይበቅል፣ የኢትዮጵያ ብቻ የሆነ ዛፍ ነው። በወለጋ ለቡና ጥላ ይሆናል። በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ፍሬውን አድርቀው፣ ወቅጠው፣ ዱቄቱን ውሃ ላይ ይበትኑታል። የሚመርጡት በጋን ነው፤ ወራጅ ውሃ ዱቄቱን ጠርጎ ይወስደዋል፣ የተኛ ኩሬ ግን ይይዘዋል። በፍሬው ያለው ሮቴኖን የተባለ ንጥረ ነገር የዓሣው ሕዋሳት በኦክስጅን እንዳይጠቀሙ ያደርጋል። ዓሣው ደንዝዞ ይንሳፈፋል፤ በእጅም በቅርጫትም ይለቀማል። ንጥረ ነገሩ በሰው አንጀት በኩል ብዙም ስለማይሰርጽ የተያዘው ዓሣ ለማዕድ ይቀርባል። በደቡብ አሜሪካና በደቡብ ምሥራቅ እስያም ሰዎች ይህንኑ ንጥረ ነገር ከሌሎች ዕፅዋት እያወጡ ዓሣ ሲያጠምዱ ኖረዋል።

በወለጋ ዓሣ የሚያዘው ግን በብርብራ ብቻ አይደለም። በ1973 (እ.ኤ.አ.) የተመረቀው የፊንጫ ግድብ በሆሮ ጉዱሩ የጮመንን ረግረግ ሐይቅ አደረገው፤ ቆሮሶና ካርፕም ተጨመሩበት። በመረብ የሚካሄድ ዓሣ ማስገር በዚያ ቦታ አገኘ። ሐይቁ ሰፊ ነውና ብርብራ አይመቸውም።

ብርብራ የሚበረታው በትንሹ ኩሬ ነው። ጋራ ጎርፉን በድንጋይ፣ ድርቁን በኩሬ ያመልጣል፤ ዱቄቱ የሚበተነው እዚያው መሸሸጊያው ላይ ነው። መርዙ ትልቁን ከትንሹ አይለይም፤ ሰው የማይለቅመው ጫጩት ሁሉ አብሮ ይሞታል። የመጪው ክረምት ወንዝ ዓሣ የሚኖረው በጋውን በኩሬ ያለፉት ካሉ ነውና፣ ብርብራው ለቡናው ጥላ ቢቀር ይሻላል።