የሚመጣና የሚጠፋ ብልሽት፦ የመኪና ኤሌክትሪክ ሙያ አመጣጥ

በቆየ መኪና ላይ ከሚገጥሙ ብልሽቶች ሁሉ ባለሙያን አብዝቶ የሚያለፋው አንዴ ታይቶ አንዴ የሚሰወረው የኤሌክትሪክ ብልሽት ነው። መኪናው ጠዋት አልነሳም ይላል፤ ጋራዥ ሲደርስ ምንም እንዳልነበረበት በአንድ ቁልፍ ይነሳል። የቻርጅ መብራቱ ዳገት ላይ ብልጭ ይልና ሜዳ ላይ ይጠፋል። ይህን ዓይነቱን ብልሽት ተከታትሎ መያዝ ራሱን የቻለ ሙያ ከሆነ ገና አንድ መቶ ዓመት ቢያልፈው ነው። የሙያው ታሪክም በመኪናው ውስጥ ባትሪው ከሚሞላበት መንገድ ታሪክ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ መንገዱ በተለወጠ ቁጥር ብልሽቱም መደበቂያውን ለውጧል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ከዚህ ችግር ነጻ ነበሩ ማለት ይቻላል። የእርሳስና የአሲድ ባትሪን ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 ቢሠራውም፣ ብዙዎቹ የጥንት መኪኖች ያለ ባትሪ ይሄዱ ነበር። ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ማግኔቶ ነበር። በቦሽ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ጎትሎብ ሆኖልድ በ1902 ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠውን ማግኔቶ ካወጣ በኋላ ይህ መሣሪያ በብዙ አገሮች መኪኖች ላይ ተገጠመ። ሞተሩ በማኒቬላ እየተዘወረ ይነሳል፤ የፊት መብራቱ የጋዝ ወይም የዘይት ነው። ለዳግማዊ ምኒልክ የቀረቡት የመጀመሪያዎቹ መኪኖችም የዚያው ዘመን ሥራዎች ነበሩ።

ነገሩ የተለወጠው አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ የኤሌክትሪክ ማስነሻ (ሞተሪኖ) ሠርቶ፣ ካዲላክ የ1912 ሞዴል መኪናዎቹን ይህንኑ ገጥሞ ለገበያ ሲያወጣ ነው። ማኒቬላ ማዞር ቀረ፤ በምትኩ አንድ ክብ ተፈጠረ። ሞተሪኖው ከባትሪው ይወስዳል፣ ሞተሩ ሲነሳ ዲናሞውን ያዞራል፣ ዲናሞው ለባትሪው ይመልሳል። በዚህ ክብ ላይ አንድ ቦታ የደረሰ ጉዳት ምልክቱን የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ በሌላ ቦታ ነው። ዲናሞው ሳይሰጥ ሲቀር የሚወቀሰው ባትሪው ነው፤ ሽቦው ሲላላ የሚለወጠው ሞተሪኖው ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ዋና ትግል ምልክቱን ከምክንያቱ መለየት ሆኗል።

እስከ 1960ዎቹ የነበረው ዲናሞ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ነበር። በኮሙቴተር ላይ የሚንሸራተቱ ሁለት ካርቦኖች ያመነጨውን ሁሉ ተሸክመው ያወጡታል፤ አቅሙም ውስን ነው። በብዙ የእንግሊዝ መኪኖች ላይ የነበረው ሉካስ ሲ40 ቢበዛ 22 አምፔር ይሰጣል። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ደግሞ ምንም አይሰጥም ሊባል ይችላል። በዚህ ጊዜ ኤሌክትሪኩ ከባትሪው ወደ ዲናሞው እንዳይመለስ የሚያግደው በሬጉሌተሩ ሳጥን ውስጥ ያለ በማግኔት የሚከፈትና የሚዘጋ መቁረጫ ነበር። ከጎኑ ያለው ሌላው መሣሪያ በየሰኮንዱ ብዙ ጊዜ እየከፈተና እየዘጋ ቮልቱን ይገድባል። የሚመጣና የሚጠፋ ብልሽት ዋነኛ ቤቱ እዚህ ነበር፤ የተቃጠለ ወይም የቆሸሸ ጫፍ አንዴ ይገናኛል አንዴ አይገናኝም። ሳጥኑን በጣት መታ ሲያደርጉት የሚድን መኪና በዚያ ዘመን ብርቅ አልነበረም።

ዲናሞው ሌላም ጠባይ ነበረው። ማመንጨት የሚጀምረው በብረቱ ውስጥ በቀረ ጥቂት ማግኔትነት ስለሆነ፣ ለረጅም ጊዜ ከቆመ ወይም ከተፈታ በኋላ ከባትሪው ለቅጽበት ኤሌክትሪክ ካልነካው ላይሰጥ ይችላል። ብዙ የእንግሊዝ መኪኖች ደግሞ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ ከቦዲው ጋር የሚያያይዙት የባትሪውን ፖዘቲቭ ነበር። በኢትዮጵያ ገጠር ብዙ የሠራው አሮጌው ላንድሮቨር ከእነዚህ አንዱ ነው። ይህን ሳያውቅ ባትሪ ገልብጦ የገጠመ ሰው ብልሽት ሊጠግን ገብቶ ብልሽት ይጨምራል።

የቮልቱ መጠንም የራሱ ድርሻ አለው። ቮልስዋገን ቢትል እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ በ6 ቮልት ይሠራ ነበር፤ ወደ አሜሪካ የተላከው ወደ 12 ቮልት የተሸጋገረው በ1967 ሞዴል ነው። በ6 ቮልት ያንኑ ኃይል ለማግኘት እጥፍ አምፔር ያስፈልጋል። በላላ ግንኙነት ላይ የሚባክነው ቮልት እጥፍ ሲሆን፣ ከጠቅላላው አንጻር ሲታይ ጉዳቱ አራት እጥፍ ይደርሳል። የአሮጌ ቢትል መብራት መፍዘዝ ብዙውን ጊዜ የዚህ ውጤት እንጂ የአምፖል ችግር አይደለም።

የሙያው እውነተኛ እድገት የታየው ግን በመለኪያው በኩል ነው። የመጀመሪያው መመርመሪያ ሁለት ሽቦ የተያያዘበት አምፖል ነበር፤ በዳሽቦርዱ ላይ ደግሞ አምፔር ጠቋሚ ይገጠም ነበር። አምፖሉ ርካሽ ቢሆንም አሳሳች ነው። ግማሽ አምፔር እንኳ የማይፈልግ በመሆኑ፣ ከክሮቹ አንድ ብቻ የቀረለት ገመድም አድምቆ ያበራዋል። ሞተሪኖው ግን 150 አምፔር ሊጠይቅ ይችላል። የግንኙነቱ ተቃውሞ 0.01 ኦም ብቻ ቢሆን እንኳ በዚህ መጠን 1.5 ቮልት እዚያው ይቀራል። በእንግሊዝ በ1923 የወጣው አቮሜትር አምፔርን፣ ቮልትንና ኦምን በአንድ ሳጥን አንድ ላይ አድርጎ አቀረበ። በኋላ የተስፋፋው ብልሃት ግን ከመሣሪያው ይበልጣል፦ ኦም በመለካት ፈንታ፣ ሥራ ላይ ባለ ገመድ ሁለት ጫፎች መካከል የጠፋውን ቮልት መለካት። በአንድ ግንኙነት ላይ ከ0.2 ቮልት በላይ ከጠፋ፣ ያ ግንኙነት መፈታትና መጽዳት አለበት። ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩና ወደ ቦዲው የሚሄዱት ገመዶች በዚህ ምርመራ ከሁሉ አስቀድመው መታየት ሲገባቸው፣ እስከ ዛሬ ከሁሉ ኋላ የሚታዩ ናቸው። ብዙ ጤነኛ ዲናሞ የተጣለው ከዝገት በታች በተቀበረ አንድ ቡሎን ምክንያት ነው።

በ1960 ክራይስለር በቫሊያንት መኪናው ላይ አልተርኔተርን ገጠመ። ጋራዥ ውስጥ ዛሬም ዲናሞ የሚባለው ይኸው ነው። ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ አመንጭቶ በሲሊከን ዳዮዶች ወደ ቀጥተኛ ይለውጣል፤ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞርም ይሰጣል። ዳዮዶቹ ኤሌክትሪኩ እንዳይመለስ ስለሚያግዱ አሮጌው መቁረጫ አላስፈለገም። ነገር ግን ባትሪ ተገልብጦ ቢገጠም በቅጽበት ይቃጠላሉ። አንዱ ዳዮድ ብቻ ሲበላሽ መኪናው ቀን በጥሩ ሁኔታ ይሄዳል፤ ማታ ብዙ መብራት ሲበራ ግን አቅም ያንሰዋል። ዳዮዱ የሚያሾልክ ከሆነም መኪናው ቆሞ ባደረበት ሌሊት ባትሪውን ይጨርሳል።

በብዙ የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ መኪኖች የቻርጅ መብራቱ ራሱ የሥራው አካል ነው። አልተርኔተሩን የሚቀሰቅሰው ኤሌክትሪክ በዚያች አምፖል ውስጥ ያልፋል፤ አምፖሏ ስትቃጠል ሞተሩ ከፍ ብሎ እስኪዞር ባትሪው ላይሞላ ይችላል። ከፊያት 124 ተወስዶ ከ1970 ጀምሮ በሶቪየት ኅብረት በተሠራውና ለብዙ ዓመታት የአዲስ አበባ ታክሲ በሆነው ላዳ ግን አሠራሩ ይለያል። መብራቱን የሚያበራውና የሚያጠፋው አንድ ሪሌ በመሆኑ፣ ሪሌው ሲበላሽ ደህና የሚሠራ አልተርኔተር የታመመ ይመስላል። ሬጉሌተሩም ለብቻው በቦዲው ላይ የታሰረ ነው። ማሰሪያው ሲዝግ ሬጉሌተሩ ከእውነተኛው ያነሰ ቮልት ያነብና ከልክ በላይ ያስሞላል፤ የባትሪው አሲድ ይፈላል፣ አምፖል በላይ በላዩ ይቃጠላል።

በአዲስ አበባ መርካቶ፣ በተለይ በሶማሌ ተራ፣ ያገለገለ ዕቃ በቀላሉ መገኘቱና የዲናሞና የሞተሪኖ ጥቅል የሚያድሱ ባለሙያዎች መኖራቸው አሮጌ መኪኖችን በሕይወት አቆይቷል። ይህ ትልቅ ውለታ ነው። ግን ዕቃ እየለወጡ የመሞከር ልማድንም አብሮ አሳድጓል። መኪናው በግፊ ይነሳል፣ አዲስ ባትሪ ይገዛለታል፣ በሳምንቱ እንደገና ይቆማል። የሚጠፋው ብልሽት ግን የሚታየው በራሱ ሁኔታ ነው፦ ሞተሩ ሲሞቅ፣ መንገዱ ሲያንገጫግጭ፣ ክረምት እርጥበት ሲገባ። ስለዚህ የበሰለ ባለሙያ ሞተሩን አሙቆ፣ መብራቶቹን ሁሉ አብርቶ፣ ቮልት መለኪያውን ባትሪው ላይ እንደ ተከለ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ያወዛውዛል። በ13.8 እና በ14.5 ቮልት መካከል መቆየት የሚገባው ንባብ በድንገት ከወረደ ቦታው ተገኘ ማለት ነው። የላላ ችንጋና ያለቀ ካርቦንም በዚሁ ጊዜ ይጋለጣሉ። መኪናው ጠፍቶ ሳለ ከ0.05 አምፔር በላይ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ፊውዞቹን በየተራ እየነቀሉ ሌባውን መስመር መለየት ይቻላል።

ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጡ ቀላል መኪኖች ሁሉ ብልሽታቸውን በኮድ የሚመዘግብ ኮምፒውተር እንዲኖራቸው ግዴታ ሆነ። ከዚያ በፊት የተሠራው አብዛኛው መኪና ይህን የመሰለ መዝገብ የለውም፤ ባለቤቱ ባትሪም ሆነ ዲናሞ ከመግዛቱ በፊት የገመዶቹ የቮልት ብክነት እንዲለካለት ሊጠይቅ ይገባል።