የቻታኑጋ ድልድይና የተሸከመው ታሪክ

በአሜሪካ ደቡብ፣ በቴነሲ ግዛት የምትገኘውን የቻታኑጋን ከተማ የሚጎበኝ መሐንዲስ የዋልነት ስትሪትን ድልድይ ሳያይ ሊመለስ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1891 የተከፈተው ይህ የብረት ድልድይ 724 ሜትር ያህል ይረዝማል። በ1978 አስጊ ሆኖ በመገኘቱ ለተሽከርካሪ ተዘጋ፤ ሊፈርስም ታስቦ ነበር። ነዋሪዎቹ ግን ተከራክረው በማስጠገናቸው በ1993 የእግረኞች መተላለፊያ ሆነ።

ይሁን እንጂ ድልድዩ ከባድ ታሪክም ተሸክሟል። በ1906 ኤድ ጆንሰን የተባለውን ጥቁር አሜሪካዊ፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሞት ቅጣቱን አግዶለት ሳለ፣ ሁከተኞች ነጮች ከወህኒ ቤት አውጥተው በዚሁ ድልድይ ላይ ሰቀሉት። ፍርዱ የተሻረለት በ2000፣ መታሰቢያው በድልድዩ ጫፍ የቆመለት በ2021 ነው።

እኛም የቆየ ግንባታ ስናድስ፣ ብረቱን ከዝገት፣ በላዩ የተፈጸመውን ከመረሳት ልንጠብቅ ይገባናል።